ክንፉ መጨረሻ ይምጣ፦ የመኪናን የአየር ጉተታና ጫና ለክቶ ማስተካከያ ዝርዝር መመሪያ

በ180 ኪ.ሜ. በሰዓት ከኋላ 70 ኪሎ የሚጫን ክንፍ የገጠመ መኪና፣ በዚያው ቅጽበት ከፊት ጎማዎቹ ላይ 25 ኪሎ ያህል ያጣል። ክንፉ የሚቀመጠው ከኋላ ጎማዎች ጀርባ ስለሆነ ጎማዎቹ እንደ ሚዛን ምሰሶ ይሆኑና አፍንጫው ወደ ላይ ይነሳል። ሹፌሩም በፈጣን መታጠፊያ ላይ መሪው ሲቀልለትና መኪናው አልታጠፍ ሲለው ጎማውን ይወቅሳል፣ ሞላ ይቀይራል። እዚህ የምንከተለው ቅደም ተከተል ስለዚህ ከተለመደው ተቃራኒ ነው፦ መጀመሪያ መለካት፣ ቀጥሎ ፊቱ፣ ከዚያ ወለሉ፣ ክንፉ መጨረሻ።

ለስሌቱ አንድ የምሳሌ መኪና እንያዝ። ክብደቱ ከነሹፌሩ 1,200 ኪሎ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለው ርቀት 2.6 ሜትር፣ ከፊት ሲታይ የሚሸፍነው ስፋት 2.1 ካሬ ሜትር ነው።

ከስሌቱ የሚያስፈልገው

ሁሉም ነገር የሚነሳው ከአንድ ቁጥር ነው፦ ከፍጥነት ግፊት። የአየሩን እፍጋት በፍጥነቱ ካሬ አባዝታችሁ ለሁለት ታካፍላላችሁ። በባሕር ጠለል ላይ በ15 ዲግሪ ሙቀት የአየር እፍጋት በሜትር ኩብ 1.225 ኪሎ ነው። 180 ኪ.ሜ. በሰዓት ማለት በሰከንድ 50 ሜትር ስለሆነ ግፊቱ 1,531 ፓስካል ይመጣል። ይህን በመኪናው የፊት ስፋትና ሲዲ በሚባለው የቅርጽ ቁጥር ስታባዙት ጉተታውን፣ ማለትም ድራጉን ታገኛላችሁ። የምሳሌያችን መኪና ሲዲ 0.33 ከሆነ ስፋቱና ሲዲው ተባዝተው 0.7 ካሬ ሜትር ያህል ይሰጣሉ። ከዚህ በኋላ “የጉተታ ስፋት” የምንለው ይህንን ነው። በ180 ላይ ጉተታው 1,072 ኒውተን፣ እሱን ለማሸነፍ የሚሄደው ጉልበት ደግሞ 54 ኪሎዋት ያህል ነው። በ90 ኪ.ሜ. በሰዓት ግን 6.7 ኪሎዋት ብቻ ይበቃል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉተታው 4 እጥፍ፣ የሚበላው ጉልበት 8 እጥፍ ይሆናል።

ወደ ታች የሚጫነው ኃይል፣ ዳውንፎርስ፣ የሚታዘዘው ለዚሁ ግፊት ነው። በ60 ኪ.ሜ. በሰዓት የሚዞር መታጠፊያ ላይ ክንፍ ለዓይን እንጂ ለጎማ የሚጠቅመው ነገር ጥቂት ነው። ከፍታም ይቆጠራል፦ በ2,000 ሜትር ላይ አየሩ በ18 በመቶ ያህል ስለሚሳሳ ጉተታውም ጫናውም በዚያው ልክ ይቀንሳሉ። በተለያየ ቀንና ቦታ የተለካ ቁጥር ሳይስተካከል አይወዳደርም። የ5 ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ብቻውን ወደ 2 በመቶ የሚጠጋ ስህተት ያመጣል።

ደረጃ 1፦ ጉተታውን በመንሸራተት መለካት

የሚያስፈልገው በሰከንድ 10 ጊዜ የሚመዘግብ ጂፒኤስ፣ ለትራፊክ የተዘጋ ቀጥና ለጥ ያለ መንገድ፣ ነፋስ የሌለው ጠዋት ነው። ጎማዎቹን ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ነድታችሁ አሙቁ። የጎማውን ንፋስ መዝግቡ፣ መስኮቶችን ዝጉ፣ የነዳጁን መጠን ሳትለውጡ ሥሩ።

1. ፍጥነቱን ከ120 ኪ.ሜ. በሰዓት ትንሽ አሳልፋችሁ ማርሹን ፎሌ አድርጉና መኪናው ራሱ እንዲንሸራተት ልቀቁት።
2. ከ120 ወደ 100 ለመውረድ የፈጀውን ሰከንድ ያዙ።
3. ለብቻው ደግሞ ከ40 ወደ 20 ለመውረድ የፈጀውን ያዙ።
4. በሁለቱም አቅጣጫ ቢያንስ 5 ጊዜ ድገሙ፣ አማካዩን ውሰዱ።

የምሳሌው መኪና ከላይ 12.5 ሰከንድ፣ ከታች 37.6 ሰከንድ ፈጀ እንበል። 20 ኪ.ሜ. በሰዓት ማለት በሰከንድ 5.56 ሜትር ነው። ለሚሽከረከሩት ጎማዎችና ዘንጎች በክብደቱ ላይ 3 በመቶ ያህል ጨምሩና 1,240 ኪሎ ያዙ። የላይኛው የማቆም ኃይል 1,240 በ5.56 ተባዝቶ ለ12.5 ሲካፈል 551 ኒውተን ይሆናል፤ የታችኛው በዚሁ መንገድ 183። ልዩነቱ 368 ኒውተን ነው። የ110 እና የ30 ኪ.ሜ. በሰዓት የፍጥነት ግፊቶች ልዩነት 530 ፓስካል ስለሆነ 368ን ለ530 ስታካፍሉ 0.69 ካሬ ሜትር የጉተታ ስፋት ይወጣል። የጎማ መንከባለል ግጭት በሁለቱም መስመር ውስጥ ስላለ ሲቀናነስ አብዛኛው ይጠፋል። ከፍጥነት ጋር ትንሽ መጨመሩ አይቀርም፤ ቁጥሩን ከፋብሪካው ሲዲ ጋር ለማፎካከር ሳይሆን ከራሳችሁ የትናንት ቁጥር ጋር ለማነጻጸር ተጠቀሙበት።

ትልቁ አበላሽ ነፋስ ነው። ከፊት የሚመጣ በሰከንድ 2 ሜትር የሆነ ነፋስ፣ ፊት ላይ ገና የሚሰማ ለስላሳ አየር፣ በ110 ላይ ጉተታውን በ13 በመቶ ያሳድገዋል። ሄዶ በመመለስ የሁለቱ አማካይ ሲወሰድ ስህተቱ ከግማሽ በመቶ በታች ይወርዳል። የጎን ነፋስ ግን በመመለስ አይጠፋም፤ ዛፍ ሲወዛወዝ ካያችሁ ወደ ቤት ሂዱ። በሰዓት መያዝ ላይ የ0.2 ሰከንድ ስህተትም በጉተታው ላይ 2 በመቶ ያህል ነው። በአንድ ሙከራ “3 በመቶ ቀነስኩ” የሚል ሰው የለካው የራሱን ጣት ሊሆን ይችላል።

ደረጃ 2፦ ጫናውን ከሞላው ላይ ማንበብ

የነፋስ ዋሻ ለሌለው ሰው ሚዛኑ ሞላው ነው። በእያንዳንዱ አሞርዛተር ጎን ተንሸራታች የርቀት ሴንሰር ግጠሙ፤ 100 ሚ.ሜ. የሚሄድ ይበቃል። ከዳታ መመዝገቢያው ጋር አያይዙ። በአሞርዛተሩ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ አስሮ መንዳት ርካሽ ዘዴ ቢሆንም የሚነግራችሁ ከፍተኛውን መታጠፍ ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ በፍሬን ወይም በጉድጓድ የመጣ ይሆናል።

ሁለት ነገር ቀድማችሁ እወቁ፦ የሞላውን ጥንካሬ በኒውተን በሚ.ሜ.፣ እና ጎማው 1 ሚ.ሜ. ሲነሳ አሞርዛተሩ ስንት እንደሚታጠፍ (ይህን ሬሾ እንለዋለን)። የሁለተኛው ቁጥር በመጽሐፍ አይገኝም። ሞላውን አውጥታችሁ ጎማውን በክሪክ 10 ሚ.ሜ. በ10 ሚ.ሜ. እያነሳችሁ ለኩት።

ከዚያ በ60 እና በ150 ኪ.ሜ. በሰዓት፣ እያንዳንዱን ቢያንስ ለ10 ሰከንድ፣ ፍጥነቱን ሳታወዛውዙ ንዱ። የሁለቱ የፍጥነት ግፊት ልዩነት 893 ፓስካል ነው። የፊት አሞርዛተሮች በ150 ላይ እያንዳንዳቸው በ2 ሚ.ሜ. ረዝመው ተገኙ እንበል። ሞላው 70 ኒውተን በሚ.ሜ.፣ ሬሾው 0.9 ከሆነ፣ 70 በ2 በ0.9 ተባዝቶ በአንድ ጎማ 126፣ በሁለቱ 252 ኒውተን ሽቅብ ኃይል ማለት ነው። በ180 ላይ ሲሰላ 432 ኒውተን፣ ማለትም 44 ኪሎ ይሆናል። መኪናው እንደ ፋብሪካው ሆኖ በከፍተኛ ፍጥነት ከአፍንጫው 44 ኪሎ ይቀልላል ማለት ነው። አያስደንቅም፤ ብዙ የመንገድ መኪኖች እንዲህ ናቸው።

እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳትበት ሬሾውን ሁለቴ ማባዛት ነው። የለካችሁት የአሞርዛተሩን ጉዞ ከሆነ አንድ ጊዜ፣ የጎማውን ጉዞ ከሆነ ሁለት ጊዜ ይባዛል።

ሌላው ስህተት የከፋ ነው፦ ፍጥነት እየጨመሩ ማንበብ። መኪናው በ0.1 ጂ (በመሬት ስበት አንድ አሥረኛ) ብቻ ሲፈጥን፣ የክብደት ማዕከሉ በግማሽ ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ፣ ከፊት ወደ ኋላ 226 ኒውተን ይሸጋገራል። ፍለጋ የወጣችሁለትን 252 ኒውተን ሊያክል ትንሽ ቀረው። ፍጥነቱ ያልረጋበትን መስመር ያለ ርኅራኄ ጣሉት። ላስቲክ የሞላ ማቆሚያው ተነክቶ ከሆነም ስሌቱ አይሠራም፤ በማቆሚያው ላይ ትንሽ ቅባት ቀብታችሁ መነካቱን ፈትሹ።

ደረጃ 3፦ አየሩን ማየት

ከ50 እስከ 70 ሚ.ሜ. የሚረዝም የሱፍ ክር ቆርጣችሁ በ10 ሳንቲሜትር ርቀት በወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፤ አንድ ጫፉ ብቻ ይያዝ። የክሩ ቀለም ከመኪናው ቀለም ጋር የሚቃረን ይሁን። በጎን ከሚሄድ ሌላ መኪና ላይ ሆናችሁ ቅረጹ። ክሩ ተኝቶ ወደ ኋላ ከተዘረጋ አየሩ ገላውን ይዟል። የሚርገበገብ ከሆነ ሊለቅ ነው። ወደ ፊት ከዞረ ወይም ቀጥ ብሎ ከቆመ አየሩ ለቋል፤ እዚያ ላይ የምትገጥሙት ማንኛውም ነገር ሥራ ፈት ነው።

ለግፊት ደግሞ የ1 ሜትር ግልጽ ቱቦ በዩ ቅርጽ በጣውላ ላይ አስራችሁ ቀለም የነከረ ውሃ እስከ ግማሹ ሙሉ። 1 ሚ.ሜ. የውሃ ልዩነት 9.8 ፓስካል ነው። በ100 ኪ.ሜ. በሰዓት የፍጥነት ግፊቱ 473 ፓስካል ስለሆነ ሙሉው መጠን 48 ሚ.ሜ. ይሆናል፤ በዓይን በደንብ ይነበባል። መለኪያ ጫፉን ለመሥራት 50 ሚ.ሜ. ክብ ፕላስቲክ መሃሉን ብሱና የ3 ሚ.ሜ. ቱቦ ከፊቱ እኩል እስኪሆን አስገብታችሁ አጣብቁ። ከገላው ላይ በፕላስተር ሲለጠፍ ጠርዙ እንዳይነሳ። ተሳፋሪው ያንብብ፣ ሹፌሩ መንገዱን ይይ።

የዚህ ዕቃ ምርጥ ጥቅም አንዱን ጫፍ ከኮፈን በላይ፣ ሌላውን ከኮፈን በታች ማድረግ ነው። ከታች ያለው ግፊት በ15 ሚ.ሜ. ውሃ ቢበልጥ እዚያ የሚቀደድ ቀዳዳ አየር ያስወጣል። ከፊት መስታወቱ ሥር ስትጠጉ ንባቡ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ መስታወቱ አየሩን ስለሚያቆመው ከላይ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ኮፈኑን በመስታወቱ በኩል በሮንዴላ ከፍ አድርጎ “ሙቀት ይውጣ” የሚለው ልማድ ቆሞ ሲታይ ሙቀት ያወጣል፣ ሲሮጥ ግን አየር ያስገባል፤ የሞተሩ ክፍል እንደ ፊኛ ተነፍቶ አፍንጫውን ያነሳል።

ደረጃ 4፦ በትንሽ ወጪ የሚሆነው

ከግሪሉ የገባ አየር በራዲያተሩ ውስጥ ብቻ እንዲያልፍ ጎኑንም፣ ላዩንም፣ ታቹንም በላሜራና በስፖንጅ ዝጉ። መንገዱ በደንብ ከተዘጋ የመግቢያው ስፋት ከራዲያተሩ ገጽ ሲሶ አካባቢ ቢሆን ብዙ ጊዜ ይበቃል። የቀረውን ግሪል በፕላስተር ሸፍናችሁ የውሃውን ሙቀት እያያችሁ ሞክሩ። ይህ ጉተታንም ሽቅብ ኃይልንም አብሮ ከሚቀንሱት ጥቂት ነገሮች አንዱ ነው። ቀጥሎ የመኪናውን አፍንጫ ከኋላው ይልቅ በ10 ሚ.ሜ. ዝቅ አድርጉና ደረጃ 1 እና 2ን ድገሙ። ሁለቱን ለውጥ በአንድ ቀን አትቀላቅሉ።

ደረጃ 5፦ ስፕሊተር

ስፕሊተር ከፓራውልቱ ሥር ወደ ፊት የሚወጣ ጠፍጣፋ ምላስ ነው። ብዙዎች የሚሠራው ከላዩ በሚጫነው አየር ይመስላቸዋል። እስቲ እናስላው። 1.6 ሜትር ሰፍቶ በ8 ሳንቲሜትር ከወጣ የላይኛው ስፋት 0.128 ካሬ ሜትር ነው። አየሩ ሙሉ በሙሉ ቢቆምበት እንኳ በ180 ላይ 196 ኒውተን፣ 20 ኪሎ ብቻ ነው። ከሥሩ ግን 60 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ የሚዘልቅ ወለል ካለውና አየሩ እዚያ ፈጥኖ ግፊቱ በፍጥነት ግፊቱ ግማሽ ያህል ቢወርድ፣ 735 ኒውተን ይስባል። ስለዚህ ከፊት የወጣውን ምላስ ከማርዘም ይልቅ ወደ ኋላ እስከ ፊት ጎማዎቹ መስመር የሚደርሰውን ወለል መሥራት ይሻላል።

የ12 ሚ.ሜ. የበርች ፕላይውድ ጥሩ መነሻ ነው፤ በካሬ ሜትር 8 ኪሎ ያህል ይመዝናል፣ ሲመታ ይሰበራል እንጂ ተጣሞ አይቀርም። ጠርዙን በቫርኒሽ ዝጉት፤ ውሃ ከጠጣ ያብጣል። የፊት ጠርዙን ከታች በኩል አክብቡት። ስለት ሆኖ ከቀረ አፍንጫው ትንሽ ሲነሳ አየሩ ከሥሩ ይላቀቃል። ከመሬት ከ70 እስከ 100 ሚ.ሜ. ከፍታ ጀምሩ።

አያያዙ ከቅርጹ ይበልጣል። ፓራውልት ላይ አትሰሩት፤ ከሻንሲው በሚወርዱ ብረቶችና ከፊት በሚይዙ ዘንጎች ይታሰር። ለምሳሌ የያዝነው ስፕሊተር በ180 ላይ ከ90 ኪሎ በላይ ይሸከማል። ፈተናው ቀላል ነው፦ በጠርዙ መሃል 40 ኪሎ አስቀምጡ፤ ከ5 ሚ.ሜ. በላይ ከወረደ ደካማ ነው። ምክንያቱም ሲወርድ የአየር መተላለፊያው ይጠባል፣ መሳቡ ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግሞ ይበልጥ ይወርዳል። መጨረሻው አስፋልት ነው። ከፓራውልቱ ጋር የሚገናኝበት ስንጥቅም በላስቲክ ይዘጋ፤ ከላይ ያለው ከፍተኛ ግፊት በስንጥቁ ወደ ታች ከፈሰሰ የሠራችሁትን ያፈርሰዋል።

ደረጃ 6፦ ወለልና ዲፊውዘር

እ.ኤ.አ. በ1977 ሎተስ 78 የተባለው የውድድር መኪና በፎርሙላ 1 ያሳየው ነገር ይህ ነው፦ ርካሹ ጫና ያለው ከመኪናው ሥር ነው፣ ጉተታው ትንሽ ስለሆነ። የመንገድ መኪና ያን ያህል ባይሄድም መንገዱ አንድ ነው። ከስፕሊተሩ ጀርባ እስከ ኋላ ጎማዎች ድረስ 1.5 ሚ.ሜ. የአሉሚኒየም ላሜራ ንጠፉ፤ በጭስ ማውጫው አካባቢ ክፍት ተዉ ወይም ሙቀት መከላከያ አድርጉ። የዘይት መቀየሪያው በሚገኝበት የሚከፈት ክዳን ካልተዋችሁ በሁለተኛው ሰርቪስ ወለሉን ራሳችሁ ነቅላችሁ ትጥሉታላችሁ።

ዲፊውዘሩ፣ ማለትም የወለሉ ወደ ላይ የሚነሳው የኋላ ክፍል፣ ከኋላ ጎማዎች መስመር አካባቢ ይጀምርና ከ7 እስከ 10 ዲግሪ እየተነሳ ይውጣ። ከዚያ በላይ ሲሆን አየሩ ጣሪያውን ለመልቀቅ ይቀርባል፤ ጥርጣሬ ካለ ክር ለጥፋችሁ ካሜራ ከሥር አስገቡ። ወደ ኋላ የሚሄድ ጠፍጣፋ ወለል ሳይኖር ከፓራውልቱ ሥር ብቻ የሚሰቀሉት ባለ ክንፍ ፕላስቲኮች ጌጥ ናቸው።

ወለል ያለው መኪና ለአፍንጫው ቁመት ስሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 በፈረንሳዩ የሌ ማን ውድድር ላይ መርሴዲስ ሲኤልአር መኪኖች 3 ጊዜ ወደ አየር ተነስተው ተገለበጡ። አፍንጫው ከተወሰነ በላይ ሲነሳ ጠፍጣፋው ወለል ከሥር አየር ይቀበልና ራሱ ክንፍ ይሆናል። ስለዚህ በኮረብታ ጫፍ ላይ የሚያልፍ የውድድር ሜዳ ላይ የፊት ሞላው ሲዘረጋ ስንት እንደሚሄድ እወቁ።

ደረጃ 7፦ አሁን ክንፉ

ወርዱ 250 ሚ.ሜ.፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር የሆነ ክንፍ 0.375 ካሬ ሜትር ነው። የጫና ቁጥሩ (ሲዲ ለጉተታ እንደሆነው ለጫና የሚያገለግለው የቅርጽ ቁጥር) 1.2 ከሆነ በ180 ላይ 690 ኒውተን ይጫናል፣ ወደ 70 ኒውተን ይጎትታል። ከኋላ ጎማዎች 80 ሳንቲሜትር ወደ ኋላ፣ ከመሬት 1.2 ሜትር ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ከፊት ላይ የሚያነሳው 244 ኒውተን፣ 25 ኪሎ ነው። ያለ ስፕሊተር ብትገጥሙት የምሳሌው መኪና የፊት ሽቅብ ኃይል ከ44 ኪሎ ወደ 69 ኪሎ ያድግ ነበር። ለዚህ ነው ክንፉን ያስቆየነው።

የክንፉ ሥራ ያለው ከሆዱ ነው፤ አየሩ የሚለቀውም ከዚያ ነው። በጣሪያው ላይ ያለፈ አየር ወደ ታች ተዘቅዝቆ ስለሚወርድ የክንፉ መሃል ከጫፎቹ የበለጠ ማዕዘን ያያል። በመለኪያ 6 ዲግሪ ያደረጋችሁት ክንፍ መሃሉ ላይ 13 ወይም 14 ሊሆን ይችላል፤ ነጠላ ክንፍ ደግሞ በዚያ አካባቢ መልቀቅ ይጀምራል። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ማዕዘኑን ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ በሚዘረጋ ቀጥታ መስመር ለኩ፤ መኪናው ሁልጊዜ በአንድ ወለል ላይ፣ ሹፌሩ ተቀምጦበት።
2. በክንፉ ሆድ፣ በተለይ በኋለኛው ሲሶ፣ ክር ለጥፉ። ካሜራውን የኋላ ኮፈን ላይ ወደ ላይ አዙራችሁ ግጠሙ።
3. ከ0 ጀምራችሁ በ2 ዲግሪ ጨምሩ፤ በየደረጃው የኋላ አሞርዛተሩን ንባብና የመንሸራተት ሰዓቱን ያዙ።
4. አሞርዛተሩ መታጠፉን አቁሞ ጉተታው ብቻ ማደግ ሲጀምር 2 ዲግሪ ተመለሱ።

ትንሽ ተጨማሪ ከፈለጋችሁ አሜሪካዊው የመኪና ተወዳዳሪ ዳን ገርኒ እ.ኤ.አ. በ1971 የሞከረው ብልሃት አለ፦ በኋላ ጠርዙ ላይ ወደ ላይ የሚቆም ኤል ቅርጽ አሉሚኒየም። ቁመቱ ከክንፉ ወርድ ከ1 እስከ 2 በመቶ ይሁን፤ ለ250 ሚ.ሜ. ክንፍ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ. ማለት ነው። 15 ሚ.ሜ. ያደረገ ሰው የገዛው ጉተታ ነው።

ምሰሶዎቹን ከላሜራው ኮፈን አሳልፋችሁ ከሻንሲው ጋር እሰሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 በሞንትዡዊክ የስፔን ግራንድ ፕሪ ላይ የሁለት ሎተሶች ረጃጅም የኋላ ክንፎች በውድድሩ ውስጥ ተሰብረው መኪኖቹ ተጋጭተዋል። የውድድር ሕጉም ቁመትና ስፋት ይወስናልና ከመብሳታችሁ በፊት አንብቡ።

ደረጃ 8፦ ሚዛኑን በውድድር ሜዳ ላይ

ግባችሁ ከጠቅላላው ጫና የፊቱ ድርሻ፣ ከመኪናው የፊት ክብደት ድርሻ በጥቂት በመቶ ያነሰ እንዲሆን ነው። ክብደቱ 53 በመቶ ከፊት ከሆነ ጫናውን ከ48 እስከ 50 በመቶ አካባቢ አድርጉ፤ ፍጥነት ሲጨምር ኋላው ይበልጥ የሚረጋ መኪና ሹፌሩን አያስደነግጥም።

መጀመሪያ ከ80 ኪ.ሜ. በሰዓት በታች የሚዞሩትን መታጠፊያዎች በስታቢላይዘር (ግራና ቀኝ ጎማዎችን አያይዞ መኪናው እንዳያዘነብል የሚይዘው ዘንግ)፣ በሞላና በጎማ ንፋስ አስተካክሉ፤ ክንፉን አትንኩ። ከዚያ ከ130 በላይ ወደሚዞሩት ሂዱ። በዝግታው ደህና የሆነ መኪና በፈጣኑ ብቻ አፍንጫው ወደ ውጭ ከገፋ ክንፉን 2 ዲግሪ ቀንሱ። በፈጣኑ ብቻ ኋላው ካመለጠ ጨምሩ። በሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነ ችግሩ ከአየሩ አይደለም። ሌላ መኪና በቅርብ ተከትላችሁ የተሰማችሁን ግን አትቁጠሩ፤ በተበጠበጠ አየር ውስጥ ፊቱ ጫናውን ያጣል።

ጫና ሲጨምር ሞላው ስለሚታጠፍ የስፕሊተሩ ከፍታ በሜዳው ላይ ከጋራዡ ያነሰ ይሆናል። ከመጀመሪያዎቹ 3 ዙሮች በኋላ ግቡና ሥሩን በባትሪ እዩ፤ አስፋልት የላሰው ነጭ ጭረት ካለ ፊቱን በ5 ሚ.ሜ. አንሱ። በብሎኖቹና በዳዶዎቹ ላይ ቀድማችሁ የሠመራችሁት የቀለም መስመር ከቦታው ከተንሸራተተ አጥብቁና ሌላ 3 ዙር ሂዱ።